ጃኩ፣ ጋሪውና እግራችን

መጋዘን ውስጥ ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ነበር?» ነው። ኩንታሉ ይቆጠራል፣ ልጁ ቸኩሎ ነው ይባላል፣ እንቅልፍ አልጠገበም ይባላል። ጎንበስ ብሎ ወለሉን የሚያይ ግን የለም። ፓሌት ጃክ ማለት ፓሌቱን፣ ዕቃ የሚደረደርበትን የእንጨት መደብ፣ በሁለት ሹካ አንስቶ በእጅ የሚጎተት መሣሪያ ነው። በፓሌት ጃክም ሆነ በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ሲሠራ የምናየው ጉዳት አብዛኛው የሚነሳው ከጉልበት በታች ነው፦ ከጎማው፣ ከሊሾው፣ ከጫማው፣ ከሹካው ጫፍ። ድሬዳዋ ውስጥ ጃክ ስንጎትት፣ ስናስጎትትና ስንጠግን የቆየን ሰዎች ነን፤ ከዚህ በታች ያለው እዚያው ወለል ላይ የተለቀመ ነው።

ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ሲወርድባትና ሲጫንባት የኖረች ከተማ ናት። አሁን ደረቅ ወደቡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነፃ የንግድ ቀጠናው ተጨምረው ፎርክሊፍት የሚያስገባ ሰፊ መጋዘን እየበዛ ነው። ሆኖም ፎርክሊፍት ባለበትም ቢሆን ጥጉ ድረስ የሚገባው ጃኩና ሰው ነው። መሃል ከተማ ባሉት የነጋዴ መጋዘኖች ደግሞ ያለው መሣሪያ አንድ የእጅ ጃክ፣ ብየዳ ቤት የተሠራ ጋሪ፣ ሳንቃና ትከሻ ነው።

ጃኩን እንወቀው። የተለመደው የእጅ ፓሌት ጃክ ራሱ ከ65 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ሹካው 115 ወይም 122 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዝቅ ሲል የሹካው ራስ ከወለሉ 8.5 ሴንቲ ገደማ፣ ተነስቶ ሲያበቃ 20 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። እጀታው ላይ ያለችው ትንሿ ሌቫ ሦስት ቦታ አላት፤ ወደ ታች ስትጫን ለማንሳት፣ መሃል ላይ ስትሆን ለመጎተት፣ ወደ ላይ ስትሳብ ለማውረድ። ሰሌዳው ላይ 2,000 ወይም 2,500 ኪሎ የሚል ተጽፏል። ፍሬን ግን የለውም። ሁለት ቶን ተኩል የተጫነ ነገር የሚያቆመው የጎታቹ ክንድና የጫማው ሶል ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ የሚችለው እንጂ ሰው የሚችለው አይደለም። ለስላሳ ሊሾ ላይ፣ ጎማው ጤነኛ ሆኖ፣ አንድ ቶን ለማንከባለል የሚያስፈልገው ጉልበት 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከቆመበት ለማስነሳት ግን የዚያን እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እኛ ለአንድ ሰው 20 ጆንያ ባለ 50 ኪሎ፣ ማለትም 1,000 ኪሎ፣ ወሰን እናደርጋለን። ከዚያ ካለፈ ሁለት ሰው፤ ሁለተኛው ለማስነሳት ብቻ ከኋላ ይገፋና ከዚያ በኋላ በጎን ሆኖ መንገድ ያያል። እስከ መጨረሻው ከኋላ የሚገፋ ሰው የፊተኛውን ተረከዝ አያይም።

አሁን ወደ ጠጠሩ። ድሬ አሸዋ ናት። ነፋሱ ከተማዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ ያመጣዋል፣ የከባድ መኪና ጎማ ያመጣዋል፣ ወዛደሩ በጫማው ያመጣዋል። ደቃቁ አሸዋ ጫማ ያንሸራትታል፤ ጠጠሩ ግን ጃክ ያቆማል። ሹካው ጫፍ ሥር ያለው ሮለር ከዳር እስከ ዳር 8 ሴንቲ ብቻ ነው። አንድ ሴንቲ ከፍታ ያለው ጠጠር ከፊቱ ሲደቀን፣ ሮለሩን በላዩ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ሮለሩ ላይ ካረፈው ክብደት ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። አንድ ቶን ጭነን አንዱ ሮለር ላይ 250 ኪሎ ቢያርፍ፣ ለዚያች ጠጠር ብቻ 220 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈለጋል ማለት ነው። ይህን የሚገፋ ሰው የለም፤ ጃኩ ባለበት ቀጥ ይላል። ጃኩ ሲቆም ጭነቱ አብሮት አይቆምም፤ የላይኛው ድርድር እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንዱ ጎን ብቻ ከተያዘ ደግሞ ጃኩ ይዞርና እጀታው እንደ ዱላ ወደ ጎን ይወነጨፋል፤ የሚያገኘው የጎድን አጥንት ወይም የእጅ አንጓ ነው። በእጀታው በኩል ያሉት የመሪ ጎማዎች 18 ወይም 20 ሴንቲ ስለሆኑ ያንኑ ጠጠር ከሮለሩ በቀለለ ይሻገሩታል። ጎታቹ በእሱ በኩል ብዙም ሳይሰማው ከኋላው ድንገት የሚያዘውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መጥረጊያ ነው። ይህን ስንል የሚስቁብን አሉ፤ መጥረጊያ የሴት ሥራ ነው የሚል ካቦም አጋጥሞናል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪና ገብቶ በወጣ ቁጥርና ከምሳ በኋላ የጃኩ መንገድ ይጠረጋል። አቧራው እንዳይነሳ ሰጋቱራ በጥቂት ውኃ አርሶ በትኖ መጥረግ ይሻላል፤ ውኃ ብቻ ማርከፍከፍ ሊሾውን ያሙለጨልጫል። የተቦረቦረ ሊሾ ላይ ላሜራ ጣል አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ላሜራው ካልታሰረ ይሸሻል፣ ጫፉም ራሱ አዲስ ደፍ ይሆናል። ጉድጓዱን ዳሩን በመሮ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ አቧራውን አጽድቶ፣ አርሶ በሲሚንቶ መሙላትና ሳምንት ያህል እርጥብ አድርጎ ማቆየት ነው የሚያዋጣው። ያን ሳምንት መንገዱን ማዞር ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው።

ሁለተኛው የጎማ ጠላት ክር ነው። በተለምዶ ማዳበሪያ የምንለው የፕላስቲክ ጆንያ ሲቀደድ ክሩ እንደ ፀጉር ይረግፋል። ሮለሩ በላዩ ሲሄድ አንስቶ ይጠቀልለዋል፤ ክሩ በሮለሩና በሹካው ብረት መካከል ገብቶ ፔርኖው (ሮለሩ የሚዞርበት ዘንግ) ላይ እየጠበቀ ይሄዳል፣ በሙቀቱ ቀልጦ እንደ ቀለበት ይደርቃል። ሮለሩ መሽከርከር ያቆምና መጎተት ይጀምራል፤ ሲጎተት አንድ ጎኑ ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክሩ ቢቆረጥም ጎማው እንደ ድሮው አይሆንም፤ «ቷ፣ ቷ» እያለ በሄደ ቁጥር ጭነቱን ይንጠዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጃኩን ሁለት ሰው ሆኖ በጎኑ ማስተኛት፣ መሪ ጎማዎቹንና ሮለሮቹን ሁሉ በእጅ ማሽከርከር፣ ክሩን በምላጭ መቁረጥና በፒንሳ መሳብ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በሳምንት አንዴ ፔርኖው ያልወጣ መሆኑን ማየት፣ ኩሽኔታው ድምፅ ካለው መለወጥ፣ ግራሶ መስጫ ባለበት ሁሉ ግራሶ መስጠት። ሮለር ሲለወጥ የቀኝና የግራው አብሮ ይለወጥ፤ አንዱ አዲስ ሌላው የተበላ ከሆነ ሹካው ያዘነብላል። ናይለን ጎማ ቀላል ይንከባለላል፣ ሊሾ ግን ይበላል፤ ፖሊዩሬቴን ለሊሾ ይሻላል፣ ተጭኖ ለቀናት ሲቆም ግን ይጠፈጥፋል። ተጭኖ የሚያድር ጃክ ሊኖር አይገባም።

ተዳፋት ላይ ሒሳቡ ይከፋል። በአንድ ሜትር 3 ሴንቲ የሚወርድ ወለል ለዓይን ሜዳ ነው፤ አንድ ቶን የተጫነ ጃክ ግን በዚያ ላይ በ30 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ይስባል፣ ቶን ተኩል ከሆነ በ45። የመጋዘኑ በር ላይ ያለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው በሩን ከፍ አድርጎ ቢሠራ አይፈረድበትም፤ ግን በሁለት ሜትር 20 ሴንቲ የሚወጣ መወጣጫ ላይ አንድ ቶን 100 ኪሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። እዚያ ላይ ጃክ አይነዳም። ጭነቱ በሩ ሥር ይውረድና በትንሽ በትንሹ ይግባ። ለስለስ ያለ ተዳፋት ላይ የግድ ከሆነ ደንቡ አንድ ነው፦ ሰው ሁልጊዜ በላይ፣ ጭነት ሁልጊዜ በታች። ሲወጣ ከፊት ሆኖ መሳብ፣ ሲወርድ ከኋላ ሆኖ እየያዙ መልቀቅ። ጃኩ ካመለጠ ይሂድ። እሱን ለማቆም ከፊቱ የሚዘረጋ እግር ነው ሆስፒታል የሚገባው። የሚፈሰው ስኳር ይታፈሳል።

ሜዳ ላይ ስትጎትቱ አካሄድ አለው። ፊትን ወደ ጃኩ አዙሮ የኋሊት መራመድ ትልቁ ስህተት ነው፤ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ወይም ፓሌት አታዩም፣ እጃችሁ በእጀታውና በግድግዳው መካከል ይጨፈለቃል። ፊት ለፊት እያዩ፣ በአንድ እጅ፣ ከእጀታው ወደ ጎን ወጣ ብሎ መሄድ ነው የሚሻለው፤ ትይዩ መሃል ላይ ከሄዳችሁ ስትቆሙ ጃኩ አይቆምምና መሪ ጎማው ወይም የብረቱ ጠርዝ ከተረከዝ በላይ ያለውን ቋንጃችሁን ያገኛል። ቋንጃ የተመታ ሰው ለወራት ከሥራ ይወጣል። ለመቆም ከሁለት ሜትር በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ መታጠፊያ ላይ መቆም ማለት ይቻላል እስኪባል ዝግ ማለት። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥና ፓሌቱን ቦታው ስታስገቡ ግን መግፋት ይሻላል፤ መውጫ መንገዳችሁ ከኋላችሁ ይቀራል። ጃክ ላይ ቆሞ እንደ ስኩተር የሚጋልብ አለ፤ ስለ እሱ የምንለው የለንም።

የሹካው ጫፍ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው። ፓሌቱ 100 በ120 ሴንቲ ከሆነና ጃኩ በሰፊው ጎን ገብቶ 100ውን ሴንቲ ካቋረጠ፣ 115 ሴንቲ የሚረዝመው ሹካ በወዲያኛው በኩል 15 ሴንቲ ይወጣል። ባለ 122ው ደግሞ 22 ሴንቲ። ጎታቹ አያየውም፤ በወዲያ በኩል የቆመው ቆጣሪ ግን በቅልጥሙ ያውቀዋል። ከጀርባው ሌላ ፓሌት ካለም ጫፉ እሱ ውስጥ ገብቶ አብሮ ያነሳውና ያዘምመዋል። ፍቱን ዘዴ አለ፦ ሹካው ጫፉ ከፓሌቱ ዳር እኩል እስኪሆን ብቻ አስገብታችሁ በሹካው ላይ የፓሌቱ ጠርዝ ያረፈበትን ቦታ በቀይ ቀለም ማስመር። ቀጥሎ ያ መስመር እስኪሸፈን ማስገባት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሳንቃ ያለው ፓሌት ከሆነ ሮለሩ በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ መውረዱን እዩ፤ ሳንቃው ላይ ቆሞ ከተነሳ ሚስማሩ ይነቀላል፣ ሳንቃው ይገነጠላል፣ የተነቀለው ሚስማር ደግሞ ለነጠላ ጫማ ለባሹ ይቀመጣል።

ጫማ ላይ መነጋገር አለብን። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ብረት አፍ ያለው ሴፍቲ ጫማ ልበስ ማለት ቀላል አይደለም፤ ሰው ነጠላ ጫማውን ወይም ሸበጡን አድርጎ፣ ሽርጡን አገልድሞ ነው የሚመጣው። እንረዳለን፤ ግን ከጃክ ጋር አይሄድም። ፓሌት ሲወርድ የታችኛው እንጨት ወለሉን ይነካል፤ በዚያ መካከል የገባ ጣት የሚቀረው ቦታ የለም። የሽርጥ ጫፍም ከመሪ ጎማው ሥር ገብቶ ሰውን ይጥላል። አሠሪ ለሁሉም ጫማ መግዛት ካልቻለ ቢያንስ ጃክ ለሚይዙት ሁለትና ሦስት ሰዎች ይግዛ፣ ጃኩን ሌላ ሰው እንዳይነካው ያድርግ። የጋራ ጫማ ግን አይሠራም፤ ልኩ ያልሆነ ጫማ ራሱ ይጥላል። ጃኩን ስታወርዱ ሁለቱም እግሮቻችሁ ከእጀታው በኩል መሆናቸውን እዩ፣ «ይወርዳል!» በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሥራ ሲያበቃ ሹካው ወለል ነክቶ፣ ባዶ ፓሌት ሥር ገብቶ፣ እጀታው ቆሞ ይቀመጥ። ተነስቶ የቀረ ባዶ ሹካ በጨለማ ሰው ይጥላል።

ድርድሩም ከታች ነው የሚጀምረው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 100 በ120 ፓሌት ላይ በአንድ ረድፍ አምስት ይተኛል፦ ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለቱ በተሻጋሪ። ቀጣዩ ረድፍ የመጀመሪያውን አገላብጦ ይቀመጣል፤ ግንበኛ ጡብ እንደሚያያይዝ። አራት ረድፍ 1,000 ኪሎ ነው። ሁሉንም ረድፍ በአንድ አቅጣጫ ብትደረድሩ አምስት ለየብቻ የቆሙ ምሰሶዎች ሠራችሁ ማለት ነው፣ ጃኩ ጠጠር ሲነካ አንዱ ምሰሶ ይወድቃል። የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ስፌቱ ቢፈታ እንኳ ጎረቤቱ ይይዘዋል። ካርቶን ከሆነ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፓሌቱን ራሱን እንዲይዝ ሁለት ዙር ከታች ይጀመር። ለመጎተት ከወለሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ከፍ ማለት ይበቃል፤ እስከ ጫፍ የተነሳ ጭነት ይወዛወዛል።

ጃኩ ሲበላሽ የሚደረገው ነገር ራሱ ሰው ይጎዳል። ባዶውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ፓምፕ ስታደርጉት ጫፍ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ወይም እየዘለለ ከተነሳ አየር ገብቶበታል፤ ሌቫዋን በማውረጃው ቦታ ይዞ ባዶውን ደጋግሞ ፓምፕ ማድረግ አየሩን ያስወጣል። ከተነሳ በኋላ ራሱ የሚወርድ ከሆነ ወይ ጎሚኒው (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) አልቋል ወይ ማውረጃ ቫልቩ አይዘጋም። 20 ጆንያ ጭናችሁ፣ ከወለል እስከ ሹካው በሜትር ለክታችሁ፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። የእኛ ደንብ ከግማሽ ሴንቲ በላይ ከወረደ ከሥራ ይወጣል የሚል ነው። ከእጀታው የሚመጣው ሰንሰለት የሚነካው ማስተካከያ ቡሎን በሩብ ዙር ብቻ እየተነካ ይሞከራል፤ በአንዴ ሁለት ዙር የሚያዞር ካለ ሌቫዋ መሃል ላይ ሆና ጃኩ እንዲወርድ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ እግር ላይ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ የሃይድሮሊክ ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት አይጨመርም፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ይበላዋል፣ ለአንድ ሳምንት የተስተካከለ ይመስልና በጭነት ሥር ይከዳል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም እንዲሁ፤ ዝቃጩ ቫልቩ እንዳይገጥም ያደርገዋል። የሚበዛው ጃክ የሚፈልገው ዘይት ከግማሽ ሊትር በታች ነው። በዚህ መቆጠብ ምን ይሉታል? የታጠፈ ሹካ በእሳት ተቃንቶ ወይም ተበይዶ ሲመለስ ካያችሁ አትጫኑበት።

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ከቱቦና ከአንግል ብረት እዚሁ የተበየደ ነው፤ አይናቅም፣ አንዳንዱ ከውጭ ከመጣው ይጠነክራል። የሚሰነጠቀው የታችኛው ላሜራ ከቱቦው ጋር የተገናኘበት ብየዳ ነው፤ ዝገት በመስመር ሲወጣ ካያችሁ ስንጥቅ ጀምሯል። የቱቦው ጫፍ ክፍት ከሆነ ላስቲክ ይደፈንበት፤ ጋሪው ሲያመልጥ ያ ጫፍ ሆድ ይወጋል። ከእጅ መያዣው ውጭ ትንሽ የቱቦ ቅስት ማስበየድ ደግሞ ጣትን ከበር ጉበን ያድናል፤ ጋሪ የሚነዳ ሰው ጣቱን ስትመለከቱ የቆዳው ጠባሳ የት የት እንደሆነ ታያላችሁ። ሁለት ጆንያ ተደራርቦ 100 ኪሎ ነው፣ ለአንድ ሰው በቂ ነው። ከባዱ ከታች። ጋሪው ሲያዘነብል ክብደቱ በጎማው ራስ ላይ እንዲያርፍ ማግኘት ነው ጥበቡ፤ ክንዳችሁ ላይ የሚከብድ ከሆነ በጣም አስተኝታችኋል። የነፋስ ጎማ ያለው ከሆነ ሁለቱም እኩል መነፋታቸውን በየጠዋቱ ጫን አድርጋችሁ እዩ። ተዳፋቱ ላይ ደንቡ እንደ ጃኩ ነው፣ ሰው በላይ።

ከመኪናው ወደ መጋዘኑ የሚዘረጋው ሳንቃ ብዙ ሰው ይጥላል። የመኪናው ጎማ ሁለቱም ጎን ታኮ ካልገባበትና ሹፌሩ ቁልፉን ለካቦው ካልሰጠ አንድ ሰው እንኳ አይውጣ። አንድ ሳንቃ አይበቃም፤ 5 ሴንቲ ውፍረት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳንቃዎች ከሥር በተሻጋሪ እንጨት ተያይዘው ቢያንስ 60 ሴንቲ ይስፉ፣ ላያቸው ላይ በየ35 ሴንቲው ቀጭን እንጨት ለመርገጫ ይመታ፣ ጫፉ የመኪናው ካሳኒ (የጭነት ሳጥኑ) ላይ በብረት መንጠቆ ይያዝ። ለጋሪ ከሆነ ግን መርገጫው እንጨት መሃሉን ለጎማ ይተው። በትከሻ የሚሠራውንም እንበል፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 ለአንድ ወንድ አዋቂ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ሙሉ ኩንታል ከዚያ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሙቀቱ። ቆርቆሮ ሥር ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጀታው በላብ ይሟልጫል፣ ራስ ይዞራል። ከባዱን ማራገፍ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ማድረግ፣ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት፤ ጥማት እስኪመጣ አለመጠበቅ። ከበርጫ በኋላ የሚደረግ የማታ ጭነት ላይ ደግሞ ሰው ድካሙም ረሃቡም አይሰማውም፤ እጁ ግን ደክሟል። ያን ጊዜ ጃኩን ሌላ ሰው ይያዝ።

መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይነገራል። አንዱ «ቁም!» ይላል፣ አንዱ «ዻቢ!»፣ አንዱ «ጆግሶ!»። በጭንቅ ሰዓት ሦስቱም በአንድ ላይ ሲጮኹ ማንም አይሰማም። ጠዋት አንዱን መምረጥ ነው፤ የትኛውም ይሁን። ድሬ አንድ በጎ ነገር አላት፦ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ይላል። አዲስ የገባ ልጅ ለካቦው «አንተ፣ እግርህን አንሳ!» ለማለት አያፍርም፤ ሌላ ቦታ «እርስዎ» ለማለት ሲያስብ እግሩ ያልቃል።

ጉዳት ከደረሰ። ፓሌት እግር ላይ ካረፈ ጃኩን አትጎትቱ፤ ሌቫዋን ወደ ታች ጭናችሁ ፓምፕ አድርጉ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሴንቲ ገደማ ስለሚነሳ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ጫማውን ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ ማሰሪያውን ፈታችሁ ወይም ቆርጣችሁ አውጡ። እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 20 ደቂቃ ያህል አድርጉበት። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ተጫኑት። ጣት ከተመታ ቀለበት ሳያብጥ ይውለቅ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ላስቲኩ በረዶ ላይ ይቀመጥ እንጂ በረዶው ራሱን አይንካው። ሚስማር ከወጋ ወይም ቁስሉ ከቆሸሸ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠየቅ። ተረከዙ ተመትቶ በጣቱ መቆም ያቃተው ሰው ቋንጃው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በሆዱ አስተኝታችሁ ባቱን ጨመቅ ስታደርጉት የእግሩ መዳፍ ካልተንቀሳቀሰ «ይሻልሃል» አትበሉት፣ ወደ ሐኪም ነው።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙዎች ይቆጡናል፣ ቢሆንም እንናገራለን። ራጅ ሳይነሳ የተጨፈለቀ እግር አይታሽም፣ በቀርከሃ ጠብቆም አይታሰርም። የተጨፈለቀ ሥጋ ውስጡ ያብጣል፤ ላዩ ከታሰረ ደም መሄጃ ያጣል፣ እግሩ ይሞታል። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ጣቱን ቀጥ ሲያደርጉት ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው፤ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ብዙ የቀን ሠራተኛ «ውል የለኝም» ብሎ ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ በቃል የተቀጠረም ተቀጥሯል። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት፣ ወደ ሕክምና የማድረስና የማሳከም ግዴታ አለበት፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ይህ መብት የሚጎድለው በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ በጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ በገባ ሰው ላይ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ በቶን የሚሠራ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ከጉዳት በኋላ ሁለቱም ወገን ጣቱን ወደ ሌላው ነው የሚቀስረው።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ያኔውኑ ነው የሚያዘው። ሰዓቱን፣ የጃኩን ቁጥር፣ ስንት ጆንያ እንደተጫነና ያዩትን ሰዎች ጻፉ። በስልክ ፎቶ ስታነሱ የተበተነውን ጆንያ ብቻ አታንሱ፤ ተንበርክካችሁ ሮለሩን ከቅርብ አንሱ፣ ፊቱ ያለውን ጠጠር ወይም የተጠቀለለውን ክር፣ አንድ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሳይደርስ።